ጠርሙሱን ዝቅ አድርጊው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቦንጋ ላይ ዝናብ ይጥል ነበር። የወረዳው እንስሳት ጤና ክሊኒክ የደረስኩት አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሼ ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ተክሌ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይሄን ማን ሊያጥብልሽ ነው?» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ ከአንዲት የወደቀች ድቅል ላም አጠገብ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኬ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ተክሌ ባሌ ሆነ። ጋዋኑን ግን አንድም ቀን አጥቦት አያውቅም።

ላሟ በዋዜማው ወልዳለች። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል፣ አፍንጫዋ ደርቋል። በትምህርት ቤት የተማርነው የበሽታው ስም «የወተት ትኩሳት» ነው። ትኩሳት ግን የላትም። ስሙን ያወጣው ሰው ላሟን አልነካም ማለት ነው። ወተቱ ሲወርድ የደሟን ካልሲየም ይዞት ይሄዳል፤ ጡንቻዋ ይከዳታል፣ መነሳት ያቅታታል። ሳትታከም ከዋለች ልቧም ይከዳታል። መድኃኒቱ ካልሲየም ነው፤ በአንገቷ የደም ሥር ይሰጣል።

ተክሌ መርፌውን ተከለና ጠርሙሱን ለእኔ ሰጠኝ። እሱ የልብ ማዳመጫውን አጠለቀ። እኔ ቶሎ ጨርሼ ጎበዝ ለመባል ጠርሙሱን ከራሴ በላይ አነሳሁት። ጠርሙስ ከፍ ባለ ቁጥር ፈሳሹ ይፈጥናል፤ ካልሲየም ሲፈጥን ደግሞ ልብ ያቆማል።

«ዝቅ አድርጊው!» ብሎ ጮኸና ከጠርሙሱ የሚወርደውን ቀጭን ጎማ በጣቱ ቆለፈው። «ልቧ እየዘለለ ነው። ልትገድያት ነው የመጣሽው?»

«ልረዳዎት ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ቀስ ብለሽ እርጂ።»

ላሟ ተነሳች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩት።

ዝቅ አድርጊው ባዩ ራሱ አንድ ቀን ረሳው። ዋጫ ከተማ አንዲት የወደቀች ላም ልናክም ሄደን ነበር፤ የሚመልሰን መኪና ደጅ ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። ተክሌ ጠርሙሱን ከፍ አደረገው። ላሟ አንዴ ተንፈራገጠችና ቀረች። የቤቱ እመቤት አልተሳደበችም። «እናንተ እስክትመጡ ትተነፍስ ነበር» ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ ተክሌ ሰዓት ማየት ትቶ ወሬ ጀመረ። መርፌው እንደገባ ለባለላሙ ታሪክ ያወራል፤ ጠርሙሱ ከታሪኩ ቀድሞ ካለቀ ፈጥኗል ማለት ነው። ታሪኩ ሁልጊዜ አንድ ነው። በሠርጋችን ቀን ከሚዜዎቹ ጋር ሊወስደኝ ሲመጣ መንገድ ላይ ምጥ የጠናባት ላም አግኝቶ ጥጃውን ጎትቶ አወጣ፤ በዚያው እጁ ነጭ የለበሰውን አባቴን ጉልበቱን ይዞ ሊስም ጎንበስ አለ። መጀመሪያ አካባቢ ሲያወራው፣ እጁ ላይ የነበረው እበት የደረሰው እስከ አንጓው ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ትከሻው ደረሰ።

«ለምን ትዋሻለህ?» ስለው «ላሞቹ ገዘፉ፣ ጠርሙሱም ሁለት ሆነ። ታሪኩ እንዴት ባለበት ይቆያል?» ይለኛል።

ባለፈው ዓመት ተክሌ ሞተ። ልቡ ነው። የስንቱን ላም ልብ ያዳመጠ ሰው የራሱን ለማስደመጥ አንድ ጠዋት አላገኘም። ይህችን አንቀጽ ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ ግማሹን ያባከንኩት እሱን በመቆጣት ነው።

በተቀበረ ማግስት ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከጎኔ የባሌ ታላቅ እህት እትዬ በላይነሽ አሉ፤ ለቅሶውንም ንፍሮውንም የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ረፋድ ላይ ጋሽ ሽፈራው ገቡ። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ወለላ በምትባል አንዲት ድቅል ላም ወተት ነው።

«ተክሌ! ተክሌ! እንግዲህ ማንን ልጥራ?» እያሉ አለቀሱ። እንደሳቸው ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

«ይሄን ያህል ይወዱት ነበር?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ በሹክሹክታ።

እኔ የማውቀው ሁለቱ ዳማ ሲጫወቱ ሲሰዳደቡ ነው። ጋሽ ሽፈራው ጠጋ ሲሉ «ወለላ መቼ ወለደች?» አልኳቸው።

ለቅሶው ቆመ።

«ትናንት።»

«ተኝታለች?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ክሊኒክ ሄጄ ነበር፤ ሁሉም ለክትባት ማንኪራ ቀበሌ ወጥተዋል።»

«ጆሮዋስ?»

«በረዶ። አስቴር እህቴ፣ እኔ እኮ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«አይተናል፣ ጋሽ ሽፈራው።»

ስነሳ እትዬ በላይነሽ ነጠላዬን ያዙ። «ወዴት ነው? ሐዘንተኛ ነሽ! ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለውን ነገ እሰማዋለሁ። ላሟ እስከ ነገ አትቆይም።»

ተክሌ ሁለት ጠርሙስ ካልሲየም ቡፌው ውስጥ ከእንግዳ ብርጭቆ ኋላ ያስቀምጥ ነበር። ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል። ከመርፌው፣ ከጎማውና ከልብ ማዳመጫው ጋር አወጣኋቸው።

ጋሽ ሽፈራው ግቢ ስንደርስ ጎረቤቶች ወለላን ብርዝ ሊግቷት ጠርሙስ ይዘዋል። መዋጥ ያቃታት ላም ብርዙ ሳንባዋ ይገባል ብዬ አስቆምኳቸው። በደረቷ አስተኝተን ጎኗን ጭድ በተሞላ ጆንያ ደገፍነው። ካልሲየሙ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እስኪሞቅ ጠበቅኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መርፌ አልያዝኩም፤ በሁለተኛው ሙከራ ገባልኝ። ጋሽ ሽፈራው ራሷን ይዘዋል። ልቧን የማዳምጠው እኔ ነኝ። ጠርሙሱን የሚይዝ ግን የለም።

ዞር ስል እትዬ በላይነሽ በጥቁር ቀሚሳቸው ከኋላዬ ቆመዋል። ሊመልሱኝ ነው የመጡት።

«ይያዙልኝ» አልኳቸው።

ቶሎ ጨርሰው ሊወስዱኝ ጠርሙሱን ከራሳቸው በላይ አነሱት። የወለላ ልብ ተሳሳተ።

«ዝቅ ያድርጉት!»

በባሌ እህት ላይ ስጮህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎማውን ቆልፌ ልቧ እስኪረጋ ጠበቅኩ፤ ከዚያ በቀስታ ለቀቅኩት።

«እስከ መቼ ልይዘው ነው?» አሉ።

የሠርጉን ታሪክ ጀመርኩላቸው። «እስከ ክርኑ እበት ሆኖ» ስል ጋሽ ሽፈራው አቋረጡኝ። «እስከ ትከሻው ነው!»

«የምን ትከሻ!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ጣቱን ነው የነካው!»

ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ እትዬ በላይነሽ ጠርሙሱን እንደያዙ ማልቀስ ጀመሩ። እጃቸው ግን ከፍ አላለም።

ጠርሙሱ ሊያልቅ ሲል ወለላ ተንቀጠቀጠች፣ አገሳች፣ አፍንጫዋ ወዛ። ሁለተኛውን ጠርሙስ ከቆዳዋ ሥር ሰጠኋት። ትንሽ ቆይታ ተነሳች፤ ዞር ብላ የእትዬ በላይነሽን ጫማ በእበት ሞላችው። ጋሽ ሽፈራውን ዛሬና ነገ ጡቷን አሟጠው እንዳያልቡ አስጠነቀቅኳቸው፤ ከተኛችም ቶሎ እንዲጠሩን።

ወደ ድንኳኑ ስንመለስ እትዬ በላይነሽ ጫማቸውን ሣር ላይ እየጠረጉ «ለሰው ስታወሪ» አሉኝ፣ «እስከ ጉልበቴ ነው በይ።»

ክሊኒኩን ለተረከባችሁ የምለው ይህን ነው። ካልሲየም ለብ ተደርጎ፣ ጠርሙሱ ዝቅ ብሎ፣ ጆሮ ከልቧ ሳይነሳ፣ በቀስታ ይሰጣል። የምታወሩት ካጣችሁ የተክሌን ታሪክ ውሰዱ። ለሐበሻ ላም እስከ አንጓው ይበቃል፤ ለድቅል እስከ ትከሻው አድርሱት።