የእትዬ የሺ የኮክ ዛፎች

ቢቸና እርሻ ጽሕፈት ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት አለቃዬ አቶ መርዕድ ከግቢው ኮክ ሥር አቆሙኝና፣ «ወፍ ምን ያህሉን በላው?» አሉኝ። መሬት የረገፈውን አይቼ፣ «ኧረ ሁሉንም!» አልኋቸው።

ሳቁብኝ። «የረገፈው ያታልልሃል። ከላይም፣ ከመካከልም፣ ከታችም ቅርንጫፍ ያዝ። ጤነኛውንና የተነቆረውን ለይተህ ቁጠር» አሉኝ።

ያ ሥራ ዛሬም ይናፍቀኛል። ጤዛው ሳይረግፍ ዛፍ ሥር ቆሜ፣ ጅራተ ረጅሙ ግራጫ ወፍ በመንጋ ሲሰፍር አያለሁ። ከጠባቂው ማማ ላይ ጅራፍ ሲጮህ መንጋው ብር ይላል። ጫማዬ ውሃ ያስገባ ነበር፤ ቢሆንም ደስተኛ ነበርሁ።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ በበቅሎ ወደ ሞጣ ተላክሁ። እትዬ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ከከተማው ዳር ሟች ባላቸው የተከሏቸው የኮክ ዛፎች ነበሯቸው። የባላቸው ወንድም አቶ ደምሴ ግን፣ «የወፍ ቀለብ ከሚሆን ተቆርጦ ጌሾ ይተከልበት» ብለው ያዙ። ሽማግሎች ገብተው፣ ወፉ ከግማሽ በላይ ከበላ ይቆረጥ፣ ካልበላ ይቅር አሉ። ገማቹ እኔ ነኝ። የምመጣበትም ቀን ቀድሞ ተነግሯቸዋል።

እንደተማርሁት ቅርንጫፍ እየያዝሁ ቆጠርሁ። ዛፉ ላይ ካለው ኮክ አብዛኛው የተነቆረ ነው። እያዘንሁ፣ «ከግማሽ በላይ ነው» አልሁ። አቶ ደምሴ መጥረቢያ ሊያመጡ ሄዱ። እትዬ የሺ አንዱን ግንድ ተደግፈው ቆሙ። ኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ «በል ግባ ልጄ፣ እህል ሳትቀምስማ አትሄድም» አሉኝ።

ቤት ስገባ በእንቅብ የተቆለለ ኮክ ቀረበልኝ። አንድም የተነቆረ የለበትም፤ ቅጠሉም ገና አልጠወለገም።

«ይህን ከየት አመጡት?»

«ከየት ይመጣል? ከዛፎቹ ነዋ! ትመጣለህ ቢሉኝ ዛሬ ጠዋት ደህና ደህናውን ለቀምሁልህ።»

«ምነው እትዬ! እኔ እኮ የመጣሁት ልቆጥር ነው!»

«እና ለእንግዳ ወፍ የነቆረውን ላቅርብ? ለመንገድህም ሌላ እንቅብ ጓዳ አለ።»

ኮኩን ጥዬ ሮጥሁ። አቶ ደምሴ መጥረቢያውን አንሥተዋል። «ይቁሙ!» ብዬ ጮህሁ። ሽማግሎቹ ተጠርተው የሁለቱ እንቅብ ኮክ ከዛፉ ጋር አብሮ ተቆጠረ። ጤነኛው በለጠ። አቶ ደምሴ ሲያጉረመርሙ ቆዩና ከእንቅቡ ዘንድ ቁጭ ብለው መብላት ጀመሩ። እትዬ የሺ እየሳቁ አለቀሱ፤ እኔም ዕንባዬ መጣ።

ከመሄዴ በፊት፣ ኮኩ መቅላት ሲጀምር እንዲለቅሙት፣ ማማ ሠርተውም ጠዋትና ማታ ሰው እንዲያስቀምጡበት መከርኋቸው። ዛፎቹ ሳይቆረጡ ቀሩ። እስክዛወር ድረስ በየዓመቱ ሄጄ አይቻቸዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ ከመያዜ በፊት ባለቤቱን፣ «ለእኔ ብላችሁ የለቀማችሁት አለ?» ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተም ጠይቁ።