የሶፋው ጠርዝ

ድው… ድው… ድው… በዚያ ዘመን ሐርቡ ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው የጥጥ መንደፊያ ደጋን ነበር። ሳፊያ በዚህ ድምፅ አደገች። ባሏ ዘምቶ ወሬው ሲጠፋ፣ በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ሆጤ ሰፈር ከሚገኘው የጋሽ ሙሄዲን ሶፋ መሥሪያ ቤት ለአንድ ቀን ሙከራ ስትገባ፣ በእጇ የነበረው ሙያ ይኸው መንደፍ ብቻ ነው። ካልተቀጠረች ወንድሟ ቤት ተመልሳ የሰው ፊት ማየቷ ነው።

ሠራተኛው ቢያዝን በር ላይ ተቀበላት። «ስሚ እቴ፣ ሽማግሌው ሥራ ጨርሰው ሲወጡ ‹ደህና ሁኚ› ካሉሽ አለቀልሽ፤ ነገ አትምጪ ማለታቸው ነው። ካንቺ በፊት ሦስት ሰው እንዲሁ ሸኝተዋል።»

ጋሽ ሙሄዲን ጥቃቅን ምስማር አፋቸው ሙሉ ጎርሰዋል። አንዱን በምላሳቸው ወደ ከንፈራቸው ያመጡና ብረት በሚስበው መዶሻቸው ጫፍ ተቀብለው፣ ጠቅ! ጣታቸው ምስማሩን አይነካውም፤ ጨርቁ ግን እንደ ከበሮ ይወጠራል። ሳፊያ አፏን ከፍታ ቀረች።

«ያ አላህ! ቢውጡትስ?»

«ሠላሳ ዓመት ጎርሰው አንድ አልዋጡም» አላት ቢያዝን። «እኔ ስሞክር ሁለት ውጫለሁ። ክረምት በመጣ ቁጥር ሆዴ የሚዝግ ይመስለኛል።»

እንድታድሰው የተሰጣት የቀበሌው አዳራሽ ወንበር ነበር። ሆዱን ከፍታ ጥጡንም፣ ጠርዙ ላይ የተጠቀጠቀውን ቃጫም አንድ ላይ ነድፋ፣ አሳብጣ ሞላችው። አምሮላት ነበር። ጋሽ ሙሄዲን ቢቀመጡበት ሰምጠው ጉልበታቸው ደረታቸው ደረሰ። ምስማሩን ጣሳ ውስጥ ተፉት።

«ልጄ፣ ይኸ የአራስ ፍራሽ ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ተኝቶ ሊመራው ነው?»

«አሁንስ መቼ ነቅቶ መራው?» አለ ቢያዝን።

«ዝም በል!» ብለው በሩን አዩ። ከዚያ እጇን ይዘው ተሠርቶ ካለቀ ሌላ ወንበር ጠርዝ ላይ አስቀመጡት። ከለስላሳው ሥር እንደ አጥንት የጠና ነገር ነበር። «ሰው ሲነሣ የሚደገፈው ይኸን ነው። አይታይም።»

ዕድሜዋን ሙሉ ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ስትነሣ፣ ከሥሯ ማን እንደያዛት አስባ አታውቅም። ተገረመች። ሁሉንም አፈረሰችው። ቃጫውን ገምዳ፣ ጠርዙ ላይ ጠቅጥቃ፣ በቆልማማው መርፌ ጣቷ እስኪደማ ሰፋችው። ጥጡን ከላይ አለበሰችው።

ሥራ ማብቂያው ላይ፣ የዐስር ሶላት አዛን ሲሰማ፣ ሽማግሌው መጥተው ተቀመጡበት። ዐይናቸውን ጨፍነው ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። እሱኑ ተደግፈው ተነሡ። የቀረውን ምስማር ጣሳው ውስጥ ተፉ፤ አፋቸው ባዶ ሆነ።

ጫማቸውን አጠለቁ፣ ከዘራቸውን አነሡ፣ ወንበሩን አንዴ ዞር ብለው አዩት። ቃል ሳይናገሩ በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ።