የይጁቤው ደዋይ

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ደብረ ማርቆስ ካለች አንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ፣ ከአባቴ በወረስኳቸው ካሴቶች የድሮ ዘፈን አቀርብ ነበር። አንድ ትልቅ የአዲስ አበባ ጣቢያ በዚያው ሰዓት የድሮ ዘፈን ከነሽልማቱ ሲጀምር አድማጮቼ ጥለውኝ ሄዱ። ሳያቋርጡ የሚደውሉልኝ በአቅራቢያችን ካለችው ከይጁቤ ከተማ አባባ ጥሩነህ ብቻ ሆኑ። ምን ዘፈን ልጋብዝዎ ስላቸው "ደስ ያለህን ልጄ" ይሉኛል።

በመጨረሻ ፕሮግራሙን ልዘጋው ወሰንኩ። የስንብቱን ዝግጅት አስቀድሜ ቀዳሁና፣ ከእሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ ልሰማው ይጁቤ ሄድኩ።

ሰው ጠይቄ ልክ በፕሮግራሜ ሰዓት ቤታቸው ስደርስ ሬዲዮናቸው ግቢውን ሞልቶታል። የሚጮኸው ግን የትልቁ ጣቢያ ፕሮግራም ነው።

"የማርቆሱ የሬዲዮ ልጅ ነኝ" አልኳቸው።

ክው አሉ። መዝጊያውን ፈልገው ቢያጡት ጋቢያቸውን ሬዲዮኑ ላይ ጣል አደረጉበት። ከጋቢው ስር የጣቢያው አቅራቢ ሽልማት ማደሉን ቀጠለ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

"ታዲያ ለእኔ ለምን ይደውሉልኛል አባባ?"

"አንድ ቀን ሰማሁህ። ደውሉልኝ እያልክ ብትለምን አንድ ሰው ጠፋ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ ደግሞ ሰው ያነሰበት ለቅሶ ቤት አልፌ መሄድ አልችልም።"