በሎሚ የታጠበ አንጀት

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ አቶ ይመር የጅግራ አንጀት በሳህን አቀረቡልኝ። መካነ ሰላም ውስጥ ከአንዲት ክፍል የማትበልጥ የእንስሳት ላቦራቶሪ ነበረችን። ሥራዬ ከዶሮና ከዱር ወፎች አንጀት የሚወጡትን ጠፍጣፋ ትሎች በየዝርያቸው ለይቶ መመዝገብ ነው። ነጭ ጥብጣብ የመሰለውን ትል በወረንጦ ይዤ ሳብኩት። ተበጠሰ።

«የትሉ ራስ የት አለ?» አሉኝ። ራሱ አንጀቱን ነክሶ ቀርቷል። «የትሉ ዓይነት የሚለየው በጭንቅላቱ ነው። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ እስኪለቅ ጠብቅ። መንጠቅ የለም።»

ጠበቅሁ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖርኩ። በትል ራስ ላይ ያሉትን መንጠቆዎች በማይክሮስኮፕ ስቆጥር ዓይኔ ደከመ፤ ወገቤም ጎበጠ። ናሙና የምናቆይበት የፎርማሊን ሽታ አልለቅ ስላለ ባለቤቴ ካፖርቴን ደጅ ታሰጣው ነበር። የሰፈሩ ሰው «ዛሬስ ስንት ኮሶ ያዝክ?» እያለ ይቀልድብኛል። ስቄ አልፋለሁ። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። ዶሮ አንዱን ትል የምታገኘው ጉንዳን ለቅማ ነው፤ ሌላውን ከጢንዚዛ፣ ሌላውን ደግሞ ከቀንድ አውጣ። ትሉን ካላወቅህ ዶሮዋን ከምን እንደምትከለክላት አታውቅም።

አንድ ክረምት ወይዘሮ ዘሀራ የሚባሉ እናት ከወግዲ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚተዳደሩት ዕንቁላል ሸጠው ነው። ዶሮዎቻቸው እየከሱ ያልቁባቸው ጀመር። ከሞቱት የአንዷን አንጀት ክዳን ባለው ዕቃ ይዘው ነበር።

ስከፍተው ንጹሕ ነው። ግማሽ ቀን ፈለግሁ፤ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። «ጠፍጣፋ ትል አልተገኘም» ብዬ ጽፌ ማኅተም አሳረፍኩበት።

«እንግዲህ ምን ይሻላል ልጄ?»

«አብሽሩ እናቴ፤ ትል አይደለም። ሌላ በሽታ ነው።»

የእንስሳት ሐኪሙም ወረቀቴን አምኖ የሌላ በሽታ መድኃኒት ሰጣቸው።

ከወር በኋላ ተመልሰው መጡ። በፎጣ የጠቀለሏት የመጨረሻዋ ዶሮ ነበረች፤ አንገቷን መሸከም አቅቷታል። «ይቺም ላትተርፍ ነው፤ እረዱና እዩልኝ» አሉ። ዘበኛችን ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። አንጀቷን ወዲያው ከፈትኩት። የመጀመሪያው እጥፋት ላይ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ትሎች ተሰክተው አገኘሁ። ከቀንድ አውጣ የሚመጣው ዓይነት ነው። ጓሯቸው ደግሞ ክረምቱን በሙሉ ረግረግ ነው።

«ያንን የፊተኛውን አንጀት ምን አድርገውት ነበር?» አልኳቸው።

«ምን አደርገዋለሁ? ገልብጬ በቢላ ፍቄ፣ በጨውና በሎሚ ሰባት ጊዜ አጠብኩት። መንግሥት ቤት ጉድፍ ይዤ ልግባ እንዴ?» ፊቴን አይተው ገባቸው። «ያ አላህ! እኔው ነኝ የጨረስኳቸው?»

«እርስዎ አይደሉም። እኔ ነኝ ሳልጠይቅ የጻፍኩት።»

አላመኑኝም። ባዶውን ፎጣ አጥፈው ወደ መኪና ተራ ሄዱ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

ሥራውን የተረከባችሁ ባልደረቦቼ፣ ናሙና ሲመጣላችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ከማጎንበሳችሁ በፊት ያመጣውን ሰው ምን እንዳደረገበት ጠይቁት። እኔ ይህን የተማርኩት በሰው ዶሮ ነው።