«አይመለስም» ያልኳት ቀን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ እንኳ ትንንሹን ኃጢአት እየለቀምኩ አቀርብና ይቺን ምላሴ ሥር ደብቄያት እመለሳለሁ። እሳቸው «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። አለ እንጂ! ለእናንተ የምነግራችሁ ፊታችሁን ስለማላየው ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት ነው፤ አውቃለሁ።

ወረታ የመጣሁት እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። በመጀመሪያው ክረምት የፎገራ ሜዳ ላይ ውሃ ተኝቶበት ሳየው ሐይቁ ሞልቶ የመጣ መስሎኝ መደንገጤን አያ ደሴ እስኪሞቱ ድረስ እየሳቁ ያወሩብኝ ነበር። አያ ደሴ በኋላ አማቴ የሆኑት ናቸው። ልጃቸውን የውብዳርን ያየኋት ገበያ ላይ ሩዝ ስትሸጥ ነው። በጣሳ ሰፍራ በላዩ ላይ ምርቃት ትጨምራለች፤ ለእኔ ግን ከሌላው ሰው አብልጣ የምትጨምርልኝ ይመስለኝ ነበር። ምን አብልጣ! ለሁሉም እኩል ነበር። እኔ ሞኙ በገበያ በገበያው እየሄድኩ፣ ብቻዬን ለምኖርባት አንዲት ክፍል የሩዝ መዓት አከማቸሁ።

እጮኛ ነበራት። ጌትነት ይባላል፣ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ። የሠርጋቸው ቀን ተቆርጦ ሳለ ጦርነቱ መጣና ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ። ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ አባቷ «እስከ መቼ?» ማለት ጀመሩ። ይሄን ጊዜ እኔ ሽማግሌ ላክሁ። ያልሞተ ሰው እጮኛ ላይ ሽማግሌ መላክ ነውር መሆኑን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። አባቷ ወደዱኝ፤ እሷ ግን «ትንሽ ታገሡኝ» ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰቻቸው።

በዚያው ሰሞን ለተማሪዎቼ የድራማ ክበብ አንድ የቆየ የእንግሊዝኛ ተውኔት መርጬ ነበር። ከዚያው ተውኔት የተሠራ ፊልም ባሕር ዳር አንድ ቪዲዮ ቤት መኖሩን ሰማሁና ተከራይቼው መጣሁ። ጥቁርና ነጭ ነው፣ የድሮ የፍቅር ፊልም። አንዲት ልብስ ሰፊ በመርከብ የሄደ እጮኛዋን መስኮት ሥር ተቀምጣ ትጠብቃለች፤ ነገሩ ይኸው ነው። የተውኔቱና የፊልሙ መጨረሻ ግን ለየቅል ነው። በተውኔቱ ሰውየው ሳይመጣ ይቀራል፤ እሷም እዚያው መስኮት ሥር ታረጃለች። ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ግን አንጀታቸው አልቻለም መሰለኝ፣ ልክ ሊያልቅ ሲል መልሰው ያመጡታል። አስቀድሜ ብቻዬን ሳየው፣ ሰውየው በሩን ሲያንኳኳ፣ አልደብቃችሁም፣ አልቅሻለሁ።

እሁድ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ አሳየነው። ቪዲዮ ቤት መግባት የሚያፍሩ ሴቶች ሁሉ፣ ትምህርት ቤት ነው ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ የሚነጋገሩትን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። የልብስ ሰፊዋ አባት «ሌላ አግቢ» ብሎ ሲቆጣት አንዲት አሮጊት ከፊት ወንበር ላይ «እውነቱን ነው! ይችን ልጅ የሚመክራት ዘመድ የላትም እንዴ?» ብለው ጮኹና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የውብዳር አልሳቀችም። የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

በመርከብ የሄደው ሰውዬ ሳይመለስ መብራት ሄደ። የወረታ መብራት! ጠበቅነው፣ ጠበቅነው፤ ሰዉ እያጉረመረመ መውጣት ጀመረ። የውብዳር ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ቆማ ወደ እኔ መጣች።

«መምህር፣ እርስዎ አስቀድመው አይተውታል አሉ። ልጁ ይመለሳል?»

ስለ ፊልሙ ነበር የጠየቀችኝ? አልነበረም። ስለ ጌትነት እንደምትጠይቀኝ አውቄያለሁ፤ እያወቅኩ ነው የመለስኩላት።

«አይመለስም» አልኳት። ድምፄን ለስለስ አድርጌ፣ ያዘንኩ መስዬ። «ስትጠብቀው እዚያው ታረጃለች።»

«ምስኪን» አለችና ሄደች።

እኔ ነኝ ያልኳት። ማንም አላስገደደኝም። ነገሩ አምልጦኝ ነው እንዳልል ደግሞ፣ ተማሪዎቹ መብራት ሲመጣ መጨረሻውን እንይ ብለው ሲለምኑኝ «ባለቤቱ ቶሎ ይፈልገዋል» ብዬ ዋሸሁ። በማግስቱ ጠዋት ካሴቱን ይዤ ወደ ባሕር ዳር ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ፣ ሐሙሲት ከተማ፣ ሰው ሲወርድና ሲወጣ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነበር፣ አንድ ሰው ከፍቶ የሚያይብኝ ይመስል። ለዓመታት ራሴን «አልዋሸሁም፣ ተውኔቱ እኮ እንደዚያ ነው የሚያልቀው» እያልኩ ሳባብል ኖሬያለሁ። እሷ ተውኔቱን የት ታውቀዋለች? ያየችው ፊልሙን፣ የጠየቀችኝም ፊልሙን።

ብዙም ሳይቆይ እሺ አለች። ተጋባን። ወደድኳት፤ ወደደችኝም። ይህን ስል አልዋሽም። አንድ ቀን ሩዝ እየለቀመች «ያን ዕለት እኮ በልቤ ነገር ይዤ ነበር» አለችኝ። «ልጁ ከተመለሰ ጌትነትም ይመጣል፣ እጠብቀዋለሁ ብዬ። እግዚአብሔር ባንተ አፍ መለሰልኝ።» ፈገግ ብላ ነበር። እግዚአብሔር! እኔ አብሬያት ሩዙን መልቀም ጀመርኩ።

ጦርነቱ ቆመና ጌትነት መጣ። አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ከሆስፒታል ሆስፒታል ሲዛወር መክረሙን ነገሩን። መጋባታችንን ሰምቶ ቤታችን መጣ፤ ለሠርጋችን ስጦታ ብሎ አንድ ኩንታል ሩዝ በአህያ ጭኖ። «እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «እኔ ከቀረሁ ብቻዋን ትቀራለች ብዬ ስጨነቅ ነበር። መምህር፣ ደግ አደረግህ።» የውብዳር እጁን ልታስታጥበው ውሃ ስታፈስለት ውሃው እጁን እየሳተ መሬት ላይ ይፈስ ነበር። አሁን ልናገር? አሁን? እያልኩ እንጀራው ተበልቶ አለቀ፤ እሱም መርቆን ሄደ።

ከዚያ እሱም አገባ፣ ወለደ። ገበያ ላይ ሲገናኙ ከሩቅ እጅ ይነሳሳሉ፤ ከዚያ አልፈው ቃል ሲለዋወጡ አላየሁም። እንዲህ እያሉ ዘመን ገፉ፤ ልጆቻችንም አደጉ። ከዚያ ጌትነት ታመመና ሞተ።

የለቅሶው ቀን የውብዳር ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆመች። መንገድ ልንጀምር ነው ስል አልተንቀሳቀሰችም።

«ምን ብዬ ነው የማለቅስለት?» አለችኝ።

በአገሩ ሰው ዝም ብሎ አያለቅስም። ሚስት ባሌ ትላለች፣ እህት ወንድሜ፣ የሩቅ ዘመድ እንኳ አጎቴ ብሎ የሚጠራበት አያጣም። እሷ ምን ትበል? የምትጠራበትን ቃል የነጠቃት ሰው ፊቷ ቆሟል፤ እሷ ደግሞ አምናው እሱኑ ትጠይቀዋለች! መሬት ብትከፈት በገባሁ።

«ወንድሜ በይ» አልኳት።

ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ ሚስቱ «ባሌ! ባሌ!» እያለች ትወድቃለች፣ ትነሳለች። የውብዳር ሴቶቹ መሀል ገብታ «ወንድሜ» አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለተኛውን ጀምራ ተወችው። ከዚያ በኋላ ያለ ምንም ቃል፣ በባዶ ድምፅ ብቻ አለቀሰች። አጠገቤ የቆመ ሰው «የመምህር ሚስት ምኑ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁ።

እናንተ ይቅር በሉኝ አልልም፤ የእናንተን አልወሰድኩም። እሱን ይቅርታ ልለምነው አልችልም። እሷ ደግሞ አሁን ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነው፤ ጎረቤት መጥቶ ታነጋግረዋለች። ስለ እኔ ስታወራ ይሰማኛል። «ባሌ» እያለች ነው።