ሙዓዝ እንዳይፈተሽ ያዘዘው ፎልደር

ኢንሳፍ በሐይቅ ከተማ የሴቶችን ድግስ የምትቀርፅ ባለካሜራ ነበረች። ሙሽራይቱና ጓደኞቿ ሻሻቸውን አውልቀው በሚጨፍሩበት የሂና ድግስ ወንድ አይገባምና ብዙ ሙሽሮች ከእሷ በፊት ያለ ቪዲዮ ነበር የሚያገቡት። ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ከመናኸሪያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ ተከራየች። እናቶች «አማና ነው፣ አደራሽን» ይሏታል። እሷም ቪዲዮውን ለሙሽራይቱ እጅ በእጅ እንጂ ለወንድሟ እንኳ አትሰጥም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ ወገቧ ላይ አስራ፣ ካሜራዋን አንግታ ወጣች። ልብስ እንኳ አልያዘችም። አንዴ በእግሯ፣ አንዴ በአይሱዙ እያለች ደብረ ብርሃን ገባች። ታኅሣሥ ላይ ስትመለስ ሱቋ ባዶ ነበር፤ ዘራፊዎች የመብራቱን ሽቦ ሳይቀር ነቅለውታል።

ያኔ የደረሰላት የአክስቷ ልጅ ሙዓዝ ነው። አንድ ቤት ነው ያደጉት፤ ወንድሜ እንጂ የአክስቴ ልጅ ብላው አታውቅም። ደሴ ኮምፒውተር ይሸጥ ነበርና ያገለገለ አንድ ይዞላት መጣ። ፕሮግራም ሲጭንላት አንቲቫይረሱ በቀይ ጽሑፍ ደጋግሞ አስጠነቀቀ።

«ምንድነው የሚለው?» አለችው።

«የቪዲዮ ማቀነባበሪያው ቫይረስ መስሎት ነው። ዝም ካልነው ያጠፋብናል። ይኼን ፎልደር እንዳይፈትሽ ልዘዘው።»

«አይጎዳኝም?»

«አብሽሪ፣ እኔ እያለሁ!»

ዱዓ አድርጋለት ሸኘችው።

በዓመቱ ኑርሀያት የምትባል ጎረቤቷ ሱቋ መጣች። የልጇን የሱረያን ሂና የቀረፀችው ኢንሳፍ ነበረች። ኑርሀያት ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላ ስልኳን ዘረጋችላት። በአንድ የኢንተርኔት ቻናል ላይ ሱረያ ፀጉሯን ለቃ ትጨፍራለች፤ ከቪዲዮው ሥር የማታውቃቸው ወንዶች የፃፉት አስተያየት ተደርድሯል።

«አማና ብዬሽ አልነበር? ባሏ ያየው በሰው ስልክ ነው። ይኸው ቤቴ ተመልሳ ተቀምጣለች።»

«ወላሂ እትዬ፣ ለማንም አልሰጠሁም!»

«ታዲያ ከማን እጅ ወጣ?»

ኢንሳፍ ስልኳን አነሳች። ሙዓዝ ጋ ደወለች። «ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው፣ እኔ እመጣለሁ» አላት። ጠበቀችው፤ ቀረ። ኮምፒውተሩን ተሸክማ ደሴ፣ ዝናው የሚባል ጠጋኝ ጋ ወሰደችው።

ዝናው አንቲቫይረሱን ከፍቶ ቆየና «ይኼን ፎልደር እንዳይነካ ታዟል። ማን ነው ያዘዘው?» አላት። ትእዛዙን አንስቶ ሲያስፈትሸው፣ ቪዲዮዎቿን በኢንተርኔት እየቀዳ የሚልክ ፕሮግራም እዚያው ተደብቆ ተገኘ። የሚልክበትን አድራሻ አሳያት። የሙዓዝ ኢሜይል ነበር።

በቀጥታ ሙዓዝ ሱቅ ሄደች።

«ምን በደልኩህ?» አለችው።

ሊክድ ሞከረ። አድራሻውን ስታሳየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቻናሌ ተመልካች ፈልጎ ነው… ቪዲዮው ሐይቅ ይደርሳል አላልኩም። ደግሞ አይፈተሽ ስልሽ እሺ ብለሻል።»

«እሺ ያልኩት አንተን አምኜ ነዋ! ሱቄን የዘረፉት ስሜን እንኳ አያውቁም። አንተ ከእኔ ጋር ከአንድ ሰሃን ነው የበላኸው።»

የበለጠ ያመማት ግን ቤት የጠበቃት ነው። ሙዓዝ ደውሎላቸው እናቷና አክስቷ፣ የሙዓዝ እናት፣ ተቀምጠው ነበር። «የሥጋ ዘመድሽን ልታሳስሪ ነው? ቪዲዮው እንደሆነ አንዴ ወጥቷል» አለቻት እናቷ። ኢንሳፍ ኮምፒውተሩን መልሳ አንስታ ወጣች።

ፖሊስ ጋ ሄዳ አመለከተች። ሙዓዝ ግን ቀድሞ ወሬ ደርሶት ከደሴ ጠፍቷል፤ ማን እንደነገረው አልጠየቀችም። ቻናሉ ተዘጋ፤ ቪዲዮው ግን ከስልክ ስልክ መዞሩን አልተወም።

ከዚያ በኋላ የቀረፀቻቸውን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች የሆነውን ነገረቻቸው። አንዳንዶቹ በር አልከፈቱላትም። የሱረያ ባል ከሽማግሌ ጋር መጥቶ ሚስቱን ወሰደ። ኑርሀያት ኢንሳፍን መንገድ ላይ ስታገኛት ሰላምታዋን ትመልሳለች፤ ቆማ ግን አታወራትም።

ኢንሳፍ ካሜራዋን ሸጣ አሁን አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ሽንኩርት ታለማለች። እናቷ ዘንድ ለዒድ ትሄዳለች። የሙዓዝ ስም ሲነሳ ትነሳለች።