የስግድ ድንጋይ

የከተማው ባቡር እኔ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ሬኒየር ቢች፣ መምጣት በጀመረ ሰሞን ነው። ከእስራኤል አምጥቼ አፓርታማዬ ያስገባኋት እናቴ፣ «ስግድ የማይከበርበት አገር አልኖርም፤ መልሺኝ» አለችኝ። ስግድ እኛ ቤተ እስራኤሎች ጾመን፣ ለትሕትና ድንጋይ ተሸክመን፣ ተራራ ላይ ወጥተን የምንጸልይበት በዓል ነው። አባቷ ጎንደር ውስጥ የቤተ እስራኤል ቄስ ስለነበሩ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። እኔ ደግሞ ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ዓርብ ማታ የምሄድበት የአይሁድ ማኅበር ነበረኝ። ምኩራብ የለው፣ ረቢ የለው። ክረምት ተራ በተራ በየሰዉ ሳሎን፣ በጋ መናፈሻ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ ጊታር ይመታል፣ ሁሉም የሠራውን ምግብ ይዞ ይመጣል። እናቴ አንዴ መጥታ አየችና፣ «ጸሎት ነው ወይስ ልደት?» ብላ ዳግመኛ ደጃፋቸውን አልረገጠችም።

የማኅበሩ አስተባባሪ ለሆነችው ወጣት ጭንቀቴን ነገርኳት። «ታዲያ አብረናት እንውጣ» አለች።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ያካፋል። ልንወጣበት የመረጥነው ኮረብታ ግርጌ ስንደርስ ማኅበርተኞቹ ጾማቸውን ቆመው ይጠብቁናል። አስተባባሪዋ በኩራት ቅርጫት ዘረጋችልን፤ ልጆች ቀለም የቀቧቸው ጠጠሮች! ቢራቢሮ የተሣለበትም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናቴ አንዷን አገላብጣ አየቻትና፣ «ይቺማ ለገበጣ ናት» አለች። ከዚያ ከመንገዱ ዳር የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ ፈንቅላ ትከሻዋ ላይ አወጣች።

«እማዬ፣ ፕሊስ፣ ጉልበትሽስ?» ብላት ማን ሊሰማኝ!

ጥቂት እንደወጣች ትንፋሽ አጥሯት ቆመች። ጊታር የሚመታው ሰውዬ ትከሻውን ዝቅ አደረገላት። እምቢ ትላለች ብዬ ስፈራ ሰጠችው። ከእሱ አስተባባሪዋ፣ ከእሷ ሌላው እየተቀበለ ድንጋዩ የኮረብታው ጫፍ ደረሰ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እውነት ነው።

«ቄስ በሌለበት ማን ሊጀምር ነው?» አለች እናቴ። ተረጎምኩላቸው። ሁሉም እሷን አዩ። ዕድሜዋን ሙሉ ከኋላ ቆማ ስትሰማ የኖረች ሴት፣ ዓይኗን ጨፍና የአባቷን የግዕዝ ጸሎት፣ የምታስታውሰውን ያህል፣ ጀመረች። ከዚያ እርጥቡ ሣር ላይ ተደፍታ ሰገደች። ቃሉ ያልገባቸውም አብረዋት ተደፉ። አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ?

ጾም ፈትተን ልንወርድ ስንል ድንጋዩን ወደ ቦታው ልመልስ አነሳሁት። እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተዪው፣ እዚሁ ይሁን» አለች። «ለከርሞ ሌላ እንደርብበታለን።»